በቀዝቃዛ የሚዞር፣ ሲሞቅ የሚቆም ፋን
አሮጌ መኪና ገዢ ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ፍተሻ

ለሽያጭ የቀረበ አሮጌ ኮሮላ ፊት ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ሻጭ፣ ገዢና ደላላ። ኮፈኑ ተከፍቷል። ሻጩ ቁልፉን እንዳዞረ ከራዲያተሩ ኋላ ያለው ፋን መሽከርከር ይጀምራል። ደላላው በጣቱ እያመለከተ የማቀዝቀዣው ነገር አስተማማኝ መሆኑን ለገዢው ይነግረዋል፤ ገዢውም ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ቀለሙ፣ ጎማው፣ ቦሎው ይታያል። ቀለበት መንገድ ላይ አንድ ዙር ይነዳል። ዋጋው ይቆረጣል።

እንዲህ ያለው ትዕይንት በአዲስ አበባ የመኪና ገበያ እንግዳ አይደለም። ችግሩ ሦስቱንም ሰዎች ያስደሰተው ነገር ላይ ነው። ሞተሩ ገና አልሞቀም። ያልሞቀ ሞተር ደግሞ ፋን አያስፈልገውም። ኤርኮንዲሽኑ ጠፍቶ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቁልፉ ገና እንደዞረ የሚነሳ ፋን ጤነኛ ነው ከማለት፣ አንድ ሰው ነካክቶታል ብሎ መጠርጠሩ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ እንዳይመስል የገበያውን ሁኔታ ማስታወስ ይበጃል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ እንደ ዕድሜያቸው እየከበደ የሚሄድ ታክስ ጥሏል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ይፋ አደረገ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም ዕቃ ከውጭ የማስመጣቱ ወጪ አብሮ ናረ። የሦስቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። አገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ሃያም ሠላሳም ዓመት ይሁነው፣ ለባለቤቱ እንደ ቤት ሁሉ ገንዘብ የተቀመጠበት ንብረት ሆኗል። የዚያ ንብረት ትልቁ ድርሻ ሞተሩ ሲሆን፣ ሞተሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ የትራፊክ መጨናነቅ ሊያበላሽ የሚችለው ደግሞ ይኸው ፋን ነው።

ቀድሞ ጉዳዩ እንዲህ አያስቸግርም ነበር። በአገራችን «ዲኤክስ» እየተባለ የሚታወቀው የቀድሞው ኮሮላ ፋኑ በቺንጋ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይዞራል፤ ሞተሩ ከተነሳ ፋኑም ተነሳ ማለት ነው። ሞተራቸው በቁመት የተቀመጠላቸው መኪኖች አብዛኞቹ እንዲሁ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጡት በፊት እግራቸው የሚጎትቱ መኪኖች ግን ሞተራቸው በአግድም ስለተቀመጠ የሞተሩ አፍንጫ ወደ ራዲያተሩ አይመለከትም። ቺንጋው ፋኑን ሊያዞረው ስለማይችል ፋኑ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ተበጀለት። በዚህም ነዳጅ ይቆጠባል፤ ሞተሩም ቶሎ ይሞቃል። በምትኩ ግን ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የሙቀት ስዊችና ብዙ ሽቦ መጣ። ሃያ ዓመት ያለፈው ሽቦ ምን እንደሚመስል ኮፈን ከፍቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

የተገላቢጦሽ አሠራር

የፋኑ ኤሌክትሪክ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወፍራሙ ነው፤ ከባትሪ ተነስቶ በፊውዝና በሪሌው በኩል አልፎ ፋኑን የሚያዞረው ጉልበት የሚሄድበት መንገድ ነው። ሁለተኛው ቀጭኑ ነው፤ ውሃው ውስጥ ከተተከለው የሙቀት ስዊች ወደ ሪሌው የሚሄድ የትእዛዝ መስመር ነው። ስዊቹ ያዛል፣ ሪሌው ይታዘዛል፣ ፋኑ ይሠራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ስዊቹ ሲቀዘቅዝ ክፍት ነው፤ ውሃው ሲሞቅ ይዘጋና ፋኑ ይነሳል። በዚያው ዘመን በተሠሩ በርካታ የቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስዊቹ ውሃው ከ83 ዲግሪ በታች ሳለ ዝግ ሆኖ ሪሌውን ሲይዘው፣ የተያዘው ሪሌ ደግሞ የፋኑን ኤሌክትሪክ አቋርጦ ይቆያል። ውሃው ከ93 ዲግሪ ሲያልፍ ስዊቹ ይከፈታል፣ ሪሌው ይለቀቃል፣ ፋኑ ይነሳል። አምራቹ እንዲህ ያደረገው በምክንያት ነው። የስዊቹ ሽቦ ድንገት ቢበጠስ ፋኑ ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ ሞተሩ አይቃጠልም።

ታዲያ ይህ ብልሃት በጋራዥ ልማድ ላይ ሲወድቅ ወደ ወጥመድ ይለወጣል። ሪሌው ተበላሸ እንበል። ባለመኪናው ሶማሌ ተራ ይወርድና ከሌላ መኪና የተፈታ፣ መልኩ የሚመሳሰል ሪሌ ይገዛል። የተገዛው ሪሌ ግን እንደ አብዛኞቹ ሪሌዎች ሲያዝ የሚያገናኝ እንጂ ሲያዝ የሚያቋርጥ አይደለም። እግሩ አልገጥም ቢል ሽቦውን ቀያይሮ የሚያስገባ አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ፋኑ በትክክል የሚሠራው ተቃራኒውን ነው፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይዞራል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይቆማል። በስዊቹ ፈንታ የአውሮፓ ዓይነት ስዊች ቢገባም ውጤቱ ያው ነው።

መኪናውን ጠዋት ለገዢ የሚያሳይ ሰው ይህን ላያውቀው ይችላል፤ ያወቀም ላይናገር ይችላል። ፋኑ ግን በአደባባይ እየዞረ ነው። ገዢው መኪናውን ወስዶ ማምሻውን መገናኛ አካባቢ በተሰለፈው መኪና መካከል ሲቆም፣ ፋኑ በሚያስፈልግበት ሰዓት ዝም ይላል።

የከፍታው ነገር

የአዲስ አበባ ሰው ከሌላው አገር መኪና ነጂ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ ሊጨነቅ የሚገባበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ላይ ውሃ በክፍት ዕቃ ሲጣድ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እንጦጦ ጫፍ ላይ ደግሞ ወደ 90 ይወርዳል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው ስዊች ፋኑን የሚያስነሳው ግን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ በፊት ይፈላል።

ደህና ክዳን ውስጡ ያለውን ግፊት ከውጪው አየር በ0.9 ባር ያህል ከፍ አድርጎ ይይዛል። በዚህም የአዲስ አበባው ውሃ መፍያ ከ110 ዲግሪ በላይ ይዘልላል፤ ፋኑም በቂ ጊዜ ያገኛል። የክዳኑ ላስቲክ የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ እንደሆነ ግን የጤነኛ መኪና ውሃ ይገነፍላል። ያን ጊዜ የሚከሰሰው ፋኑ ነው። ፋኑ ይቀየራል፣ ስዊቹ ይቀየራል፣ ራዲያተሩ ወርዶ ይታጠባል፤ ጥፋተኛው ክዳን ግን እንደተከደነ ይቀመጣል። ከሁሉ ርካሹ ዕቃ የመጨረሻው ተጠርጣሪ መሆኑ ያስገርማል።

አየሩም ራሱ ስስ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ አንድ ዙር የዞረ ፋን የሚገፋው አየር በክብደት ሲለካ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገፋው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የደከመ የፋን ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሊያሳፍር ይችላል። ወደ ቆላ የሚወርድ መኪናም ቢሆን አይድንም፤ ከዓባይ ድልድይ እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ በሞቀ አየር የሚሄዱበት ነውና ፋኑን ከትራፊክ መጨናነቅ ባላነሰ ይፈትነዋል።

ወደ አዳማ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይ ግን ፋኑ ቢሞትም አይታወቅም። መኪና ሲሮጥ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዛል። በመሆኑም ቆሞ የሚሞቅ፣ ሲሮጥ የሚቀዘቅዝ መኪና ችግሩ ፋኑ ጋ ነው። ሲሮጥ የሚሞቅ፣ ሲቆም የሚረጋ ከሆነ ደግሞ የተደፈነ ራዲያተር፣ ያልተከፈተ ቴርሞስታት ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ይፈለግ። ገዢው መኪናውን ለሙከራ የሚነዳው አብዛኛውን ጊዜ ነፃ መንገድ ላይ መሆኑ ለሻጭ እንዴት እንደሚመች ከዚህ መገመት ይቻላል።

«ዳይሬክት»

ፋኑ እምቢ ሲል በየመንደሩ ጋራዥ የሚሰጠው ፈጣን መድኃኒት «ዳይሬክት ማድረግ» ይባላል። ስዊቹም ሪሌውም ይታለፉና ፋኑ ቁልፉ ሲዞር እንዲነሳ በቀጥታ ይያያዛል። አንዳንዱ ደግሞ መሪው ሥር ትንሽ ማብሪያ ያስተክላል።

መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤቱ የሚያደርሰው በመሆኑ ዳይሬክት ነውር የለበትም። ነውሩ የሚመጣው እንደ ጥገና ተቆጥሮ ዓመታት ሲቆይ ነው። ለሰዓታት ያለ ዕረፍት የሚዞር የፋን ሞተር ካርቦኑና ኩሽኔታው ከጊዜው በፊት ያልቃል። በቀጭን ሽቦ፣ ያለ ፊውዝ ከባትሪ የተጠለፈ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የእሳት ጉዳይ ነው። ፋኑ አሥር አምፒርና ከዚያ በላይ ሊስብ ስለሚችል፣ ለመብራት የተሠራ ቀጭን ሽቦ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል። የተቃጠለ ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ተመልሶ የገባበት መኪና ማግኘትም ብርቅ አይደለም።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ፤ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። መኪናው እንዳይሞቅ በሚል ቴርሞስታቱ ወጥቶ፣ ፋኑ ዳይሬክት ሆኖ የሚሄድ ሞተር በአዲስ አበባ ብርድ የሥራ ሙቀቱ ላይ ሳይደርስ ይውላል። ቤንዚን በኮምፒውተር የሚመጠንለት ሞተር ከሆነ ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቤንዚኑን ያበዛዋል። ባለቤቱ የነዳጅ ወጪው የጨመረበትን ምክንያት ማደያው ጋ ይፈልገዋል።

መሪ ሥር የተተከለው ማብሪያ የራሱ ጣጣ አለው። የቀድሞው ባለቤት እጁ ለምዶታል፤ ሰልፍ ሲያይ ይጫነዋል። አዲሱ ገዢ ወይም የተቀጠረው ሾፌር ግን ማብሪያው የምን እንደሆነ ሳይነገረው ቁልፍ ይረከባል። ሞተሩ ከፈላ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ለባለጋራዦች የተለመደ ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራው ቴስታታ ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይበሳል፣ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። ሞተሩ ይወርዳል፣ ቴስታታው ቶርኖ ቤት ይላካል፣ ተሰንጥቆ ከተገኘም ሌላ ይፈለጋል። መነሻው ግን አንድ ሪሌ ወይም አንድ ስዊች ነበር።

ገዢው ምን ይመልከት?

ፍተሻው የሚጀምረው ከቀጠሮው ነው። ገዢ መኪናው ጋ ሲደርስ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ኮፈኑን በመዳፍ መንካት ይበቃል። «እናንተን ስጠብቅ አስነስቼው ነበር» የሚል ሻጭ ካጋጠመ ለነገ ቀጠሮ መያዝ አያስከፍልም።

ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የራዲያተሩ ክዳን ይከፈት። ውሃው የዛገ ከሆነ መኪናው ለዓመታት ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ሲጠጣ ኖሯል። ላዩ ላይ ዘይት ካንሳፈፈ፣ ወይም የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሲነሳ ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ከታየ ያ ሞተር ምናልባት አንድ ጊዜ ፈልቷልና ጥያቄ ይብዛ። ክዳኑ ተመልሶ በደንብ ከተዘጋ ወዲያ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ዳግም አይከፈትም። በግፊት የሚወጣው ውሃ ፊት ይልጣል።

ቀጥሎ ኤርኮንዲሽኑ ጠፍቶ ቁልፉ ይዙር። ፋኑ ዝም ማለት አለበት። ከተነሳ ሻጩ ይጠየቅ። ሞተሩ ቆሞ እየሠራ ይቆይ። ሙቀት መለኪያው ወደ መሃል ይወጣል፤ የራዲያተሩ የላይኛው ቱቦ ይግላል፤ ይህ ቴርሞስታቱ መከፈቱን ያሳያል። ቀዝቃዛ ጠዋት ከሆነ ይህ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የሚቸኩል ደላላ ሻይ ይጋበዝ። ከዚያ ፋኑ ራሱ ይነሳል፣ ጥቂት ይዞርና ራሱ ይቆማል። ደግሞ ይነሳል፣ ይቆማል። ሁለት ጊዜ መነሳቱና መቆሙ ከታየ ስዊቹም፣ ሪሌውም፣ ሞተሩም ሥራቸውን ያውቃሉ ማለት ነው። መለኪያው ከመሃል አልፎ እየወጣ ፋኑ ካልተነሳ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ ፍተሻው አልቋል።

መለኪያውን ብቻ ማመን ግን ያሳስታል። በብዙ መኪኖች ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን መለኪያ የሚያዘው ሴንሰርና ፋኑን የሚያዘው ስዊች ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው። ውሃ የጎደለ እንደሆነ ሁለቱም ውሃ ሳይነካቸው በእንፋሎት ውስጥ ስለሚቀሩ፣ ሞተሩ እየነደደ መለኪያው ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ኤሌክትሪሺያኑ ምን ያድርግ?

ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ዕቃ ከመግዛቱ በፊት ይለካል። በመጀመሪያ የፋኑን ሶኬት ነቅሎ ሞተሩን በሁለት ሽቦ ከባትሪው ጋር ያገናኘዋል። በኃይል ከተነሳ ሞተሩ ደህና ነው። በእንጨት ገፋ ሲያደርጉት ብቻ የሚነሳ ከሆነ ካርቦኑ አልቋል።

ሞተሩ ደህና ከሆነ ወደ ስዊቹ ይሄዳል። ከላይ በተገለጸው የኮሮላ ዓይነት የስዊቹ ሶኬት ሲነቀል፣ ቁልፉም ሲዞር ፋኑ መነሳት አለበት። በአውሮፓው ዓይነት ግን መንቀል አይበቃም፤ ሁለቱን ሽቦዎች ማገናኘት ያስፈልጋል። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳያውቅ የሚፈትሽ ሰው ደህናውን ስዊች ያስጥላል። ፋኑ በዚህ መንገድ ተነስቶ በራሱ ሲሞቅ ግን የማይነሳ ከሆነ ጥፋቱ ስዊቹ ነው። እሱም ቢሆን ተፈትቶ ማሰሮ ውሃ ውስጥ ተጥዶ፣ ቴርሞሜትር ገብቶበት፣ በስንት ዲግሪ እንደሚለወጥ በመለኪያ ይታያል።

ፋኑ በዚህም ካልተነሳ ፊውዙና ሪሌው ይቀራሉ። ሪሌው «ቀጭ» ማለቱ ብቻ ማስረጃ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው መገናኛ ተቃጥሎም ድምፁን ያሰማል። እንዲሁም የቴስተር መብራት መብራቱ አያኮራም። ለአምፖል የበቃ ኤሌክትሪክ በዛገ ሶኬት አልፎ ሊመጣ ይችላል፤ ለፋን ግን አይበቃም። ትክክለኛው ልኬት ፋኑ እየዞረ ነው የሚወሰደው። በባትሪው ላይና በፋኑ ሶኬት ላይ በሚነበቡት ቮልቶች መካከል ከአንድ ቮልት የበለጠ ልዩነት ካለ መንገድ ላይ የሚበላው ዝገት ወይም የላላ የኔጌቲቭ ማሰሪያ አለ። ቦዲው ላይ የታሰረችውን ያቺን የኔጌቲቭ ጫፍ ፈትቶ በሸክላ ወረቀት ማሸት ስንቱን የፋን ሞተር ከመጣል ባዳነ ነበር።

ኮምፒውተር የሚያዛቸው የኋለኞቹ መኪኖች የሙቀት ሴንሰራቸው ሲነቀል ብዙዎቹ ለጥንቃቄ ፋኑን ራሳቸው ያስነሳሉ። ስለዚህ ፍተሻው ከዚያም ይጀመራል።

ለድርድሩ ደግሞ ይህ ሁሉ ቁጥር ነው። ሞተሩ ያልፈላ፣ ፋኑ ግን ዳይሬክት የሆነ መኪና መጥፎ መኪና አይደለም። ሽቦውን ወደ ቦታው የመመለሱ ወጪ ከዋጋው ይቀነስና መግዛት ይቻላል፤ እንዲያውም ሌላው ገዢ ፈርቶ የሸሸው መኪና ለሚያውቀው ሰው ጥሩ ዋጋ ሊያመጣ ይችላል። ሻጭም ቢሆን መኪናውን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ፋኑን አስተካክሎ በገዢው ፊት ሁለት ጊዜ ቢያስነሳውና ቢያቆመው ከቀለም ቅብ የበለጠ ዋጋ ያስጠራዋል። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት የታየበት መኪና ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። እዚያ ላይ የሚሸጠው መኪና ሳይሆን ሞተር የሚፈልግ ቦዲ ነው፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይነገር።

ውሉ ላይ «መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼና ፈትሼ ገዝቻለሁ» የምትለው ዐረፍተ ነገር በብዛት ትገባለች። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ቢደነግግም፣ ገዢም የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጭ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። ከሦስት ወር በኋላ ቴስታታው የተሰነጠቀበት ገዢ ፋኑ በሽያጩ ዕለት ዳይሬክት እንደነበረ የሚያስረዳለት ምስክር ያስፈልገዋል፤ በዕለቱ አጠገቡ የነበረው ሰው ደግሞ ደላላው ብቻ ነው።